ሦስት ጥይት

ባሌ ሙጬ ሲሞት የተወልኝ ሀብት፣
አንገረብ ዳር ያለች የማሽላ መሬት፣
ሦስት ጥይት፣ ጥቂት ዕዳ፣ አንድ ምንሽር ጠመንጃ፤
አፈሙዙ ራቁት፣ ጫፉ ላይ የሌለው ሳንጃ።
ምን ቸገረኝ እኔ? አገሬው ነው ሳንጃ።

ዘንድሮ ማሽላው እሸት ይዞ ጎንበስ ሲል፣
ከርከሮ ከጥሻው ወጣ ሊከፋፈል።
ጉልበቱን አጥፎ ነው እህል የሚበላው፣
ሰጋጅ ይመስለዋል ከሩቅ ሆኖ ላየው።
ሲነጋ ስወጣ፣ ያ ያማረ አዝመራ
ተኝቶ ጠበቀኝ እንደ ሰከረ ሙሽራ።

ወንዶቹ መከሩኝ ጠላ ቤት ተቀምጠው፣
አንዱ የአንዱን መሣሪያ እያንኳሰሰው።
«ክላሽ ነው!» አለ አዛናው፣ «ሠላሳ ይተፋል፣
አንዱ ባይገድለው ሌላው ይደርስበታል።»
«የክላሽ?» አለ ፈንታ፣ «አጭር ናት ጥይቷ፣
ጭቃ በደረቀ ቆዳ ላይ ነው ሞቷ።
ዲሞትፈር አምጪ፣ ወፍራሙን፣ የጥንቱን፣
ጎሽ የሚያንበረክክ የእርሳስ ሙክቱን!»

ከጥጉ ተቀምጧል ወረታ ዝም ብሎ፣
አንድ እግሩን እንደ እንጨት በእጁ አደላድሎ።
አምና አዛናው ሆዱን መትቶት ከርከሮ፣
ደም እየተከተለ ወረታ ሄደ አብሮ።
ቁጥቋጦው ተነሣ።
ጭኑን እንደ ከረጢት ተረተረው።
ስለ ጥይት ውፍረት እሱ አልተናገረም።
የጠየቀውም የለም።

ሙጬ ግን ይል ነበር፣ ነፍሱን ይማርና፣
(ጠመንጃውን ሲወለውል፣ ዘይት በእጁ ሆና)
«ምንሽር ይበቃል፤ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣
አጥንት ቢገጥመውም ሰብሮ ይሻገራል።
ጋማውን አትመኚ፤ ያታልላል ጋማ፣
ከጠጉሩ በታች ነው የአውሬው ከተማ።
ግንባሩንም ተይው፤ ድንጋይ ነው ግንባሩ፤
ሲሸሽ አትተኩሺ፣ ይቅር፣ ይሂድ ለዱሩ።
ጎኑን እስኪሰጥሽ ትንፋሽሽን ያዢው፣
የፊት እግሩን በዓይንሽ ወደ ላይ ውጪው፤
ብብቱ ጋ ስትደርሺ፣ ከሚታጠፍበት
አንድ ስንዝር ወደ ኋላ፣ ዝቅ በይ። ልብ በይ።»
ልብ በይ ይል ነበር፤
ሁለቱንም ማለቱ ነበር።

ጎህ ሳይቀድ ወጣሁ። አመድ በተንኩና
ነፋሱን ጠየቅሁት። መለሰው በፊቴ።
ጉቶ ላይ ጠመንጃ፣ ጠመንጃው ላይ ጉንጬ፣
ከጉንጬ አጠገብ የሙጬ ላብ፣ ያረጀ፣ እንጨት የጠጣው።

መጀመሪያ እናት። ከኋላዋ አራት፣
እንደ ጧፍ የቆሙ ጭራቸው ቀጥ ያሉት።
ጣቴ ቃታ ላይ ነው። ጎኗን ሰጠችኝ ፈቅዳ።
ጡቷ መሬት ሊነካ።
እኔም ቤት ትቼ ነው የመጣሁት የሚጠባ።
አንድ ጥይት፣ አምስት ሞት፤ አራቱ በረሃብ፤
አልገባሽ አለኝ ያ ሒሳብ።
አለፈች።

ቆይቶ መጣ እሱ፣ ጥርሱ ማጭድ የሆነ፣
ብቻውን፣ ሳይቸኩል፣ እርሻው የእሱ እንደሆነ።
ዞረ። ቆመ። እግሩን በዓይኔ ወጣሁት።
ብብት። ስንዝር። ዝቅ።
ሙጬ በሕይወቱ ሰንዝሮብኝ የማያውቀውን ጡጫ
ጠመንጃው ትከሻዬ ላይ አሳረፈው።
አሥር እርምጃ ሮጠ፤ ከዚያ
እንደ ሰጋጅ ተንበረከከ፤
አልተነሣም።

የማይታረድ ሥጋ፣ የማይባረክ፣ የማይበላ፤
ለጅብ ነው የደገስሁት፣ ከነአጥንቱ ለሚበላ።
ወንዶቹ ደረሱ። «ስንት ተኮስሽ?» አለ አዛናው።
«አንድ።»
«ይኸው!» አለ ፈንታ፣ «ምንሽር ነው ያልኩት!»
ወረታ እያነከሰ ቀረበ፣ ጎንበስ አለ፣
ከብብቱ እስከ ቀዳዳው በስንዝሩ ለካ፤
እንደገና ለካ፤
ቀና ብሎ አየኝ፤ ምንም አላለ።

ቀለሁን ልጄ ፉጨት አደረገው።
ሁለት ጥይት ቀረኝ፣ በጨርቅ የቋጠርኩት።
በሦስተኛው ቀን፣ ገና ሳይነጋ፣
እናትየዋ መጣች፤ ከኋላዋ አራት።